ከቆርቆሮው አጥር በስተ ጀርባ

ፒያሳን የምታውቁ ሁሉ ያን የቆርቆሮ አጥር ታስታውሱታላችሁ። በምኒልክ አደባባይና በማዘጋጃ ቤቱ አካባቢ ሚድሮክ ለግንባታ የወሰደው ሰፊ ቦታ ለብዙ ዓመታት ታጥሮ ቆይቶ ነበር። እኔና ባለቤቴ በታክሲ በዚያ ባለፍን ቁጥር «መቼ ይሆን የሚሠራው?» እንባባል ነበር። ክረምት ሄዶ ክረምት ሲመጣ ቆርቆሮው ዛገ እንጂ ሕንፃ አልወጣም። በመጨረሻ በ2011 ዓ.ም የከተማው አስተዳደር ታጥረው ያልለሙ ቦታዎችን ሲያስመልስ እርሱንም ወሰደው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተሠርቶበትም በየካቲት 2016 ዓ.ም ተመረቀ።

ስለ ከተማ ፕላን ልጽፍላችሁ አይደለም። ስለ ትዳር ነው። ነገር ግን አራዳ ብዙ የምታስተምረን ነገር አላት።

ከዚያ አጥር ብዙም ሳይርቅ ደጃች ውቤ ሰፈር ይገኛል። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን «ውቤ በረሃ» ሲባል የማያውቅ አልነበረም። ጠጁ፣ አዝማሪው፣ ዳንኪራው ሌሊቱን ሙሉ ነበር። ደራሲው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በልቦለዱ ያሳየን ያንኑ ሰፈር ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግን ሰዓት እላፊ መጣና ያ የሌሊት ሕይወት ጠፋ። ልብ በሉ፤ ቤቶቹን የዘጋቸው ፍርሃት ነው እንጂ በቦታቸው የተተካ የተሻለ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሰዓት እላፊው ከተነሣ በኋላ የሌሊቱ ገበያ ሰፈር ቀየረ እንጂ አልቀረም፤ የካዛንቺስና የቺቺንያ ስም ወጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እኅት ልታማክረኝ ወደ ቤቴ መጣች። ባለቤቷ ጌታን ከማግኘቱ በፊት የፒያሳ መሸታ ቤቶች ደንበኛ ነበር። አሁን መጠጡን ትቷል፤ እሑድ ከአምልኮ ቀርቶ አያውቅም።

«ታዲያ ምን ጎደለ?» አልኳት።

«እትዬ፣ ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጥና ዝም ይላል። ድሮ ሰክሮም ቢሆን ያወራኝ ነበር» አለችኝ።

ደነገጥሁ። ለዚያ ሰው መዳን ከጸለዩት አንዷ ነበርሁና። መጠጡን እንዲተው ጾመን ጸለይን፤ ተወ። በቦታው ምን እንደሚሠራ ግን ከእርሱ ጋር ቁጭ ብለን አልተነጋገርንም። ያ ወንድም ወደ መሸታ ቤት ይሄድ የነበረው ለመጠጥ ብቻ አልነበረም። እዚያ ስሙን የሚጠራው፣ በቀልዱ የሚስቅለት፣ ሲቀር «ምነው ጠፋህ?» የሚለው ሰው ነበረው። ያንን ሁሉ ትቶ ሲመጣ እኛ የሰጠነው የሚቀመጥበትን ወንበር ብቻ ነው።

ጌታ ኢየሱስ ክፉው መንፈስ ስለ ወጣለት ሰው ሲናገር ቤቱ ተጠርጎና አጊጦ ነበር፤ ችግሩ ባዶ መሆኑ ነው (ማቴ. 12፥43-45)። መጥረግ መልካም ነው። ጠርጎ መተው ግን አደጋ አለው።

ይህን የምጽፈው ለሌላው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእኛም ቤት አጥር ነበረ። በጋብቻችን የመጀመሪያ ዓመታት ባለቤቴ በአገልግሎት ምክንያት ማታ ማታ ስለሚያመሽ ክፉኛ ተጣላን። ከዚያ ታረቅንና «ከእንግዲህ ይህን ነገር አናነሣውም» ተባባልን። እኔ ሰላም መስሎኝ ነበር። ለስድስት ዓመት ሁለታችንም ያን ጉዳይ በሩቁ እየዞርን አለፍን። አንድ ቀን በፒያሳው አጥር አጠገብ ስናልፍ ባለቤቴ ቆርቆሮውን አየና «የእኛም ቤት እንዲህ ያለ ቦታ አለው፤ አይደል?» አለኝ። አለቀስሁ። ውይይታችን ያን ማታ ተጀመረ፤ ለማለቅ ግን ወራት ፈጀበት።

የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ መሠረቱ ተጥሎ ሥራው ለብዙ ዓመታት ቆሞ እንደ ነበር ታውቃላችሁ (ዕዝ. 4፥24)። ነቢዩ ሐጌ በመጣ ጊዜ የጠየቃቸው ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ወደ ተራራው ወጥተው እንጨት እንዲያመጡ ነው (ሐጌ 1፥8)። የቆመ ሥራ የሚቀጥለው እንዲህ ነው፤ በአንድ ሸክም እንጨት።

ለዚያች እኅት ቤትም የመጀመሪያው ሸክም አንድ ማኪያቶ ነበር። ባለቤቴ ያን ወንድም ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ጠራውና ስለ መጠጥም ስለ ኃጢአትም ሳያነሣ ሲያጫውተው ዋለ። በሌላው ሳምንት ሌሎች ወንድሞች ተጨመሩ። በሦስተኛው ወር ሰውዬው ሚስቱን ይዞ ያደገባቸውን መንገዶች ሊያሳያት ሄደ። ዛሬም ዝም የሚልባቸው ቅዳሜዎች አሉ። እርስዋ ግን «ዝም ሲል ቡና አፈላለሁ፤ እርሱም ቄጠማውን ይጎዘጉዛል» ትለኛለች።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ዶሮ ማነቂያና ሌሎች የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በሳምንታት ውስጥ ሲፈርሱ ይህ ነገር እንደገና ትዝ አለኝ። ብዙ ቤተሰቦች ወደ ኮንዶሚኒየም ተዛወሩ። የተሻለ ቤት ያገኙ አሉ፤ ዕድሩና የቡና ጎረቤቱ ግን በቁልፍ ርክክብ አብሮ አይመጣም። በብሎካችሁ አዲስ ገቢ ካለ የመጀመሪያውን ስኒ እናንተ ቅዱ።

ባለ ትዳሮች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሁለት ጥያቄ ተጠያየቁ። በቤታችን አጥረን የተውነው ጉዳይ የቱ ነው? ከሕይወታችን ባስወገድነው ነገር ቦታ ምን ሠራንበት? መልሱ በአንድ ማታ ላያልቅ ይችላል። አትቸኩሉ፤ አጥሩን መልሳችሁም አትዝጉት። ጸልያችሁ ጀምሩ፤ ጸልያችሁም ተኙ።

ጌታ ትዳራችሁን ይሥራ።