ጡረታ የወጡ ትዕዛዞች

መቱ ላይ ማመልከቻና ውል እየተየበች የምትተዳደር አንዲት እህታችን ባለፈው ክረምት ኮምፒውተሯን አስይዛ መጣች። ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፤ ኮር ቱ ዱዎ፣ አራት ጊጋ ራም። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ሊቋረጥ ነው ሲባል ሰምታ “አዲሱን ጫኑልኝ” አለች። ዊንዶውስ 11ን በፍላሽ ስናስነሳ አርማው ብቅ ይልና ማሽኑ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ፍላሽ ቀየርን። ራሙን ነቅለን ጠርገን መለስን። ሃርድ ዲስክም ቀየርን። ያው ነው። ስህተቱ ይህ ነው የሚል ጽሑፍ እንኳ አይወጣም።

የተበላሸ ዕቃ አልነበረም። ፕሮሰሰሩ አንድ ትዕዛዝ አያውቅም ነበር።

ትዕዛዙ ፖፕካውንት ይባላል። ሥራው ቀላል ነው፤ በ0 እና በ1 በተጻፈ ቁጥር ውስጥ ስንት 1 እንዳለ ይቆጥራል። 13 በዚህ አጻጻፍ 1101 ነው፤ መልሱ 3 ይሆናል። የድሮው ፕሮሰሰር ይህን ለመሥራት ብዙ ትዕዛዞችን ማከታተል አለበት፤ አዲሱ በአንድ ትዕዛዝ ይጨርሰዋል። ኢንቴል ይህን ትዕዛዝ እ.አ.አ. በ2008 ከመጀመሪያው ኮር አይ 7 ጋር አመጣው። ማይክሮሶፍት ደግሞ በ2024 ባወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ግዴታ አደረገው። ባለሙያዎች የዊንዶውስ 11ን የመግቢያ ፍተሻ በዘዴ እየዘለሉ በአሮጌ ማሽን ላይ ሲጭኑ ኖረዋል። ይህኛው ግን አይዘለልም። ፍተሻው የወረቀት አጥር ነበር፤ የማያውቀውን ትዕዛዝ ግን ማንም ፕሮሰሰር ሊፈጽም አይችልም።

ማንኛውም ፕሮሰሰር የሚያውቀው የተወሰነ የትዕዛዝ ዝርዝር ነው፤ ደምር፣ አወዳድር፣ ከዚህ አንሥተህ እዚያ አስቀምጥ የሚሉ። ዛሬ በብዙዎቹ ዴስክቶፖችና ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ዝርዝር መነሻው እ.አ.አ. በ1978 የወጣው የኢንቴል 8086 ነው። ከዚያ ወዲህ ምዕራፍ በምዕራፍ ተጨምሮበታል። በ1997 ለምስልና ለድምፅ ኤምኤምኤክስ መጣ፤ በ1999 ኤስኤስኢ፣ በ2011 ኤቪኤክስ ተከተሉ።

በመካከሉ የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው ኤኤምዲ በ1998 ስሪዲናው የሚባል የራሱን ምዕራፍ ጨምሮ ነበር፤ ለጨዋታ ሥዕሎች ስሌት የታሰቡ 21 ትዕዛዞች። ሁለት የነጥብ ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ ያሰላ ነበር። በዓመቱ የመጣው ኤስኤስኢ አራት አራት ያሰላል፤ ያንን ራሱ ኤኤምዲም ተቀበለው። ኢንቴል ስሪዲናውን አልተቀበለም፤ በሁሉም ማሽን ላይ በማይሠራ ትዕዛዝ የሚጽፍ ፕሮግራመር ደግሞ እየጠፋ ሄደ። ኤኤምዲ በ2010 ከአዳዲስ ፕሮሰሰሮቹ እንደሚያወጣው አስታወቀ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የተረፈው ነው። ከዚያ ምዕራፍ ውስጥ መረጃን ከመፈለጉ በፊት ቀድሞ የሚያቀርበው ፕሪፌችደብልዩ ጡረታ አልወጣም፤ እንዲያውም ባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስ 8.1 ያለ እሱ አይጫንም።

ትዕዛዝን ከዝርዝሩ ማውጣት ለምን እንደሚከብድ ለኛ አንባቢ ፊደላችን በቂ ማስረጃ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ይቀነሱ የሚለው ክርክር ስንት ዘመን ተካሄደ! ለአዲስ ጽሑፍ አንዱ ይበቃ ይሆናል፤ የተጻፈውን መጽሐፍ ሁሉ ግን ማን እንደገና ይጽፈዋል? ፕሮሰሰርም እንዲሁ ነው። የተሰረዘ ትዕዛዝ የያዘ አሮጌ ፕሮግራም እዚያ ቃል ላይ ሲደርስ ይቆማል። ጠንቃቃ ፕሮግራመር “ይህን ታውቃለህ?” ብሎ ፕሮሰሰሩን አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ካላወቀ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ሁሉም ግን ጠንቃቃ አይደለም።

ቢከብድም ይወጣል፤ መውጣቱም ትክክል ነው እላለሁ። እያንዳንዱ ትዕዛዝ በየአዲሱ ፕሮሰሰር ላይ መፈተሽ አለበት። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ቁጥሮቹን የሚይዝበት የራሱ መዝገብ ካለው፣ ኮምፒውተሩ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር መዝገቡን ማስቀመጥና መመለስ ግድ ነው። ኢንቴል በ2015 ፕሮግራሞች ከተፈቀደላቸው የማስታወሻ ክልል እንዳያልፉ የሚጠብቅ ኤምፒኤክስ የሚባል ምዕራፍ አውጥቶ ነበር። ፕሮግራምን አዘገየ፤ የተጠቀመበትም ጥቂት ሰው ነው። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር በ2019፣ ሊኑክስ በ2020 ጣሉት። ማንም አላለቀሰለትም። በሌላ በኩል ኤስጂኤክስ የሚባለው የምሥጢር መጠበቂያ ከኢንቴል የግል ኮምፒውተር ፕሮሰሰሮች ሲወጣ፣ በእሱ ላይ የተመሠረቱ የፎርኬ ብሉሬይ ማጫወቻ ፕሮግራሞች በአዲሱ ማሽን ላይ ዲስኩን ማጫወት አቃታቸው። አዲስ ገዝቶ ከአሮጌው ያነሰ ማግኘት ማለት ይህ ነው።

ኢሉባቦር ላይ የሚጎዳን ግን ከፕሮሰሰሩ የሚወጣው ትዕዛዝ ሳይሆን ሶፍትዌሩ አዲስ ትዕዛዝ ሲጠይቅ ነው። እኛ ጋ ያገለገለ ኮምፒውተር ብዙ ዘመን ይኖራል። ከአዲስ አበባ መቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጅማም ተመጣ በነቀምቴ፣ በበደሌ አልፎ የመጣ ዕቃ አልሠራም ተብሎ በቀላሉ አይመለስም።

የእህታችንን ማሽን አልጣልነውም። ኮር ቱ ዱዎ ባለ 64 ቢት ስለሆነ፣ ፖፕካውንትን የማይጠይቀው ዴቢያን ሊኑክስ ያለ ችግር ተጫነለት። ሊብረኦፊስና የአማርኛ መተየቢያ ጨመርንበት። በመጀመሪያው ሳምንት “የለመድኩት የት ሄደ?” እያለች ደጋግማ ደወለች፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ ቀነሰ።

ዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ተቋርጧል። ስለዚህ መቱም፣ ጎሬም፣ ያዩም ሆናችሁ ያገለገለ ኮምፒውተር ልትገዙ ስትሉ፣ ሻጩ ፊት ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱና ትዕዛዞች የተዘረዘሩበትን መስመር አንብቡ። የኢንቴል ፕሮሰሰር ሆኖ ኤስኤስኢ 4.2 ከሌለበት ፖፕካውንትም የለውም፤ የዛሬው ዊንዶውስ 11 አይነሳበትም። ለሊኑክስ ካልፈለጋችሁት በቀር ገንዘባችሁን አትክፈሉ።