የናይሮቢ ጉብኝትና የአርባ ምንጭ ደን



የትምህርት ዕረፍት በመጣ ቁጥር ወጣቱ ሁሉ የባዕድ አገር ዋና ከተማ ለማየት ይመኛል። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ አገር ማየት ዕውቀት ነውና። ነገር ግን ብዙው ተጓዥ ገንዘቡን ከስክሶ የሚመለሰው ፎቶግራፍና ልብስ ይዞ ነው። ለከተማውና ለወገኑ የሚበጅ አንድ አሳብ ይዞ የሚመለሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ እኔና ሦስት ጓደኞቼ ናይሮቢን ስንጎበኝ ካየነው ውስጥ ለአርባ ምንጭ ይጠቅማል የምለውን በጋዜጣዎ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከአርባ ምንጭ ናይሮቢ ለመድረስ አውሮፕላን የግድ አይደለም። በኮንሶና በያቤሎ አድርገው ሞያሌ ላይ ድንበሩን ከተሻገሩ በኋላ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የአስፋልት መንገድ ይጠብቅዎታል። እኛም በአውቶቡስ ሄደን፥ ደክሞን ግን በደኅና ገባን። በንጉሠ ነገሥታችን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም በተሰየመው ጎዳና ላይ ስንመላለስ በአገራችን ኮራን። በኬንያታ ስም የተሠራው ረጅሙ የስብሰባ ሕንፃ ሰገነት ላይም ወጥተን ከተማዪቱን ቁልቁል ተመለከትን። ከፎቆቹ ሁሉ ይልቅ ግን ያስደነቀን በፎቆቹ አጠገብ ያለው ዱር ነው።

የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በ1946 የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አንበሳው በሣር ውስጥ ተኝቶ ከበስተ ጀርባው የከተማዪቱ ፎቆች ይታያሉ። ከከተማው ጋር በሚዋሰንባቸው በሦስቱ ማዕዘኖች አጥር ተደርጎለታል፤ በደቡብ በኩል ግን አራዊቱ ዝናብና ሣር ተከትለው ወደ ሜዳው እንዲወጡና እንዲገቡ ክፍት ተትቷል። በ1989 መንግሥቱ ከአዳኞች የማረከውን 12 ቶን የዝሆን ጥርስ በአደባባይ ያቃጠለው በዚሁ ፓርክ ውስጥ ነው።

ከዚህም የበለጠ ትምህርት የሰጠን በከተማዪቱ ሰሜን ያለው የካሩራ ደን ነው። ከ1,000 ሄክታር በላይ የሚሆነው ይህ ደን በ1990ዎቹ ዓመታት በስውር ተሸንሽኖ ለቤት ሠሪዎች መታደል ጀምሮ ነበር። ወይዘሮ ዋንጋሪ ማታይ ከጓደኞቻቸው ጋር ችግኝ ሊተክሉ ቢሄዱ በጥር ወር 1999 ተደብድበው ደማቸው ፈሰሰ። ይህን የሰሙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ ጉዳዩም ዓለም ሁሉ ያወቀው ሆነ። ወይዘሮዋም በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በካሩራ ውስጥ ሠራተኛው ከቢሮ መልስ ይንሸራሸራል፤ ቤተሰብ በእሑድ ምሳውን ይዞ ይገባል። በበሩ ላይ ገንዘብ ይከፈላል። ከደኑ ጠባቂዎችም መካከል በአቅራቢያው ከሚኖረው ሕዝብ የተመረጡ አሉ።

በዚያ ያገኘነው አንድ ኬንያዊ ተማሪ ከወዴት እንደ መጣን ጠይቆን የከተማችንን ስም ትርጉም በነገርነው ጊዜ፥ «እነዚያ አርባ ምንጮች ዛሬም ይፈልቃሉ?» አለ። ከመካከላችን ሴቻ ተወልዶ ያደገው ጓደኛችን፥ «ደኑን ከኮረብታው ላይ ሆኜ አየዋለሁ እንጂ ገብቼበት አላውቅም» ሲል መለሰ። አባቶቻችን በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

የእኛ ወርቅ ምን እንደ ሆነ ላስታውስ። ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ በ1974 የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ይኸውም ከናይሮቢው ከአራት እጥፍ ይበልጣል። በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል የእግዜር ድልድይ አለ፤ በጫሞ ዳር የአዞ ገበያ አለ፤ በነጩ ሣር ላይ የሜዳ አህያ ይግጣል። በ1990 ተመራማሪዎች በዚያ መንገድ ላይ ከሞተች ወፍ አንዲት ክንፍ ብቻ አግኝተው፥ ከዚያ በፊት በሳይንስ ያልታወቀች የአእዋፍ ዘር መሆንዋን በ1995 ለዓለም አስታወቁ። በኢትዮጵያ እንጂ በሌላ አገር የማይገኘው ቆርኬ ግን በዚያ ሜዳ ላይ እየተመናመነ ሄዷል። ከከተማው ሥር ያለው ደንም ጉሬዛ የሚዘልበት፥ ሾላ የሚያፈራበት፥ ከተማው የሚጠጣው ውኃ የሚፈልቅበት ነው። ደኑ ቢያልቅ የሚጐዳው ቱሪስቱ ሳይሆን ቧንቧውን የሚከፍተው ሕዝብ ነው።

ከዚህ ደን የማገዶ ሸክም ይዘው የሚወጡትን ሴቶች መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን የተሸከሙት ድኅነት አስገድዷቸው ነው፤ ገበያውን የሚያቆምላቸው ደግሞ ገዢው ነው። ገዢውም ሆቴሉ፥ ጠጅ ቤቱና ደመወዝተኛው ቤተሰብ ነው። በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር የሚችል ባለ ደመወዝ የደኑን እንጨት በርካሽ ሲገዛ፥ የራሱን ውኃ በገዛ ገንዘቡ እንደሚያደርቅ ሊያውቅ ይገባል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፤ በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን ያሉ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ተማሪውና ሠራተኛው ቢያንስ በዓመት አንድ ቅዳሜ ወደ ምንጮቹና ወደ ነጭ ሣር እንዲገባ ያድርጉ። ሁለተኛ፤ በከተማው አጠገብ ባለው ደን ውስጥ እንደ ካሩራ ጥበቃ ያለው የእግር መንገድ ወጥቶ፥ ነዋሪው ጥቂት ሣንቲም እየከፈለ ይንሸራሸር፤ በገንዘቡም እንጨት ከሚሸከሙት መካከል ጠባቂዎችና ችግኝ አፍዪዎች ይቀጠሩበት። ሦስተኛ፤ ማገዶ ሳይገዛ መዋል የማይችል ሁሉ ሰው ተክሎ ካሳደገው ባሕር ዛፍ እንጂ ከምንጮቹ ደን የተቈረጠ አይግዛ።

ካሩራን ያዳነው የአጥር ሽቦ ብቻ አይደለም፤ የእኔ ነው የሚለው ሕዝብ ነው። ሕዝብ ደግሞ ያላየውን የእኔ ነው አይልም። ወጣቱ ወደ ናይሮቢም ሆነ ወደ ሌላ ዋና ከተማ መሄዱን አይተው፤ ነገር ግን በባዕድ አገር ሰው «አርባዎቹ ምንጮች ይፈልቃሉ?» ብሎ ሲጠይቀው፥ «አዎን፤ ባለፈው ቅዳሜ ከእነርሱ ጠጥቻለሁ» ብሎ ለመመለስ የሚችል ይሁን።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ
ከአርባ ምንጭ