አሮጌ ኮምፒዩተር በቁጥር ማዕድን ደጅ

ከብቸና ወደ ሞጣ በሚያልፈው መንገድ ላይ የምትገኘው፣ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ጉንደ ወይን፣ እንደ ሌሎቹ የጎጃም ደጋ ከተሞች ሁሉ፣ ከጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶቿ ጓዳ፣ ባለቤቱ ላፕቶፕ ከገዛ ወዲህ ዘወር ብሎ ያላየው፣ አቧራ የለበሰ አሮጌ ኮምፒዩተር የሚታጣባት አይደለችም፤ ይህን ዕቃ በዓይኑ ያየ፣ የቢትኮይንንም ዋጋ በቴሌግራም ሲወራ የሰማ ወጣት፣ «እንዲሁ ቆሞ ከሚቀር ለምን ማይኒንግ አይሠራበትም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ሊናቅ የሚገባው፣ ወይ «ትከብርበታለህ» ወይ «ማጭበርበር ነው» ብሎ በአንድ ቃል የሚገላገለው መልስ ነው፤ ነገሩ ከሁለቱም የራቀ፣ የራሱ ሥርዐትና የራሱ ሒሳብ ያለው ስለ ሆነ፣ ከሥሩ ጀምሮ መተዋወቅ ያስፈልጋል።

ጥቅምት 21 ቀን 2001 ዓ.ም. ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም ማንነቱን የሰወረ ሰው፣ ምናልባትም አንድ ሳይሆን ብዙ ሰዎች፣ ስለ ቢትኮይን 9 ገጽ ብቻ ያላት አንዲት ጽሑፍ አሠራጨ፤ የጽሑፏም መሠረተ ሐሳብ፣ ባንክም ሆነ መንግሥት በመካከል ሳይገባ፣ የማይተዋወቁና የማይተማመኑ ሰዎች የገንዘብ ልውውጣቸውን በአንድ የጋራ መዝገብ ጽፈው እንዴት ሊኖሩ እንደሚችሉ ማስረዳት ነበር። መዝገቡ በብዙ ተሳታፊዎች ኮምፒዩተር በሙሉ ቅጂው ስለሚቀመጥ ማንም ብቻውን ሊፍቀው አይችልም፤ ነገር ግን አዲሱን ገጽ ማን ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ሳይፈታ ቢቀር ኖሮ፣ ሐሳቡ ሁሉ ከወረቀት ባላለፈ ነበር። ማይኒንግ የሚባለው ሥራ የተፈጠረው ይህን ጥያቄ ለመፍታት ነው፤ ገጹን፣ በባለሙያዎቹ አነጋገር ብሎኩን፣ የመጻፍ መብት የሚያገኘው አንድ ተሰዋሪ ቁጥር ከሌሎቹ ቀድሞ ያገኘ ማሽን ሲሆን፣ የድካሙም ዋጋ አዲስ የተፈጠረ ገንዘብ ሆኖ ይከፈለዋል። የመጀመሪያው ብሎክ ታኅሣሥ 25 ቀን 2001 ዓ.ም. ሲጻፍ ይህ ዋጋ 50 ቢትኮይን ነበር።

የቁጥሩም ፍለጋ እንዲህ ነው፤ ማሽኑ የገጹን ጽሑፍ ወስዶ፣ በመጨረሻው ላይ አንድ የመሰለውን ቁጥር ጨምሮ፣ ኤስ ኤች ኤ 256 በሚባል የሒሳብ ቀመር ውስጥ ሲያሳልፈው፣ በሌላ ወገን ምንም ትርጓሜ የሌለው የሚመስል ረጅም አኃዝ ይወጣል፤ ከጽሑፉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አኃዙ ፈጽሞ ሌላ ስለሚሆን፣ የሚወጣውን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። የወጣው አኃዝ ከተወሰነው ልክ በታች ከሆነ ገጹ ይጸድቃል፤ ካልሆነ ማሽኑ ሌላ ቁጥር ጨምሮ እንደገና ይሞክራል። በዲማ ጊዮርጊስ ወይም በዋሸራ ቅኔ ቤት፣ ተማሪው ቀኑን ሙሉ ጫካ ውስጥ ቅኔ ሲቆጥር ውሎ ወደ ማታ ለመምህሩ ሲነግር፣ መምህሩ ቤት መምታቱንና አለመምታቱን በአንድ ጊዜ ሰምቶ እንደሚያውቀው ሁሉ፣ ይህም ቁጥር ለማግኘት እጅግ አድካሚ፣ ተገኝቶ ሲቀርብ ግን ለማረጋገጥ የዓይን ጥቅሻ የማይፈጅ ነው። ይሁን እንጂ ለቅኔው ክብር ሲባል አንድ ልዩነት መነገር አለበት፤ ተማሪው የሚያገኘው በማሰብ ነው፣ ማሽኑ የሚያገኘው ግን እንበለ ኅሊና፣ ዝም ብሎ በመደናበር ነው።

የመዝገቡ ሥርዐት አንድ ገጽ በአማካይ በየ10 ደቂቃው እንዲጻፍ ስለሚያዝ፣ በየ2,016 ብሎኩ፣ ይኸውም በሁለት ሳምንት ግድም፣ የፍለጋው ክብደት በራሱ ይታረማል፤ ብዙ ማሽን ከገባ ይከብዳል፣ ማሽኖች ከወጡም ይቀላል። ለብሎኩ የሚከፈለው ዋጋም በየ210,000 ብሎኩ በግማሽ እየተቈረጠ ይሄዳል፤ ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ላይ 3.125 ቢትኮይን ደርሷል፤ ጠቅላላው ሊወጣ የሚችለውም ከ21 ሚሊዮን አያልፍም።

እንግዲህ አሮጌ ኮምፒዩተር በዚህ ሥራ ይከብራል የሚለው ወሬ ከምንም የተነሣ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በእርግጥ ማንኛውም የቤት ኮምፒዩተር ብሎክ ያገኝ ነበር፣ ገንዘቡ ግን ዋጋ ስላልነበረው፣ ግንቦት 14 ቀን 2002 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ ለሁለት ፒዛ 10,000 ቢትኮይን ከፍሎ እንደ ተራ ነገር አልፏል። ከዚያ በኋላ ለጨዋታ ሥዕል የተሠሩት ግራፊክስ ካርዶች ሥራውን ከተራው ፕሮሰሰር ነጠቁት፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ይህን አንድ ቀመር ብቻ ከመሥራት በቀር ሌላ ምንም የማያውቁ፣ ኤሲክ የሚባሉ ማሽኖች ገበያ ወጥተው ግራፊክስ ካርዶቹንም ከሜዳው አባረሩ። ዛሬ አንድ ሰው ኮር ቱ ዱዎ የሚባለውን የቀድሞ ዘመን ኮምፒዩተር ቢያስነሣ፣ ማሽኑ በአንድ ሰከንድ 5 ሚሊዮን ያህል ግምት ይሞክራል፤ 5 ሚሊዮን ለጆሮ ብዙ ነው፣ ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. የዓለም ማሽኖች በጠቅላላ በሰከንድ ይሞክሩት የነበረው 800 ቢሊዮን ቢሊዮን ግድም ስለ ነበር፣ አንዱ በሌላው ሲካፈል፣ ያ ኮምፒዩተር አንዲት ብሎክ ለማግኘት በአማካይ 3 ቢሊዮን ዓመት ያስፈልገዋል። ከዘመኑ ኤሲኮች አንዱ፣ አንትማይነር ኤስ 21 የሚባለው፣ 3,500 ዋት እየበላ ብቻውን የ40 ሚሊዮን እንዲህ ያሉ ኮምፒዩተሮችን ሥራ ይሠራል፤ አርባ ሚሊዮኑ ኮምፒዩተር፣ እያንዳንዱ 100 ዋት ቢፈጅ፣ 4,000 ሜጋ ዋት ያስፈልገዋል፤ ይህም የሕዳሴው ግድብ ሙሉ አቅም ከሆነው ከ5,150 ሜጋ ዋት አብዛኛውን እጅ ጨርሶ ይወስድ ነበር።

ግድቡን ያነሣሁት ለንጽጽር ብቻ አይደለም። ዓባይ ከጣና ወጥቶ፣ የጎንቻን ወረዳ በሰሜን በኩል ከደቡብ ጎንደር እየለየ፣ ጎጃምን እንደ መቀነት ታጥቆ ጉባ ይወርዳል፤ እዚያም፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ጠብቆ ወደ መብራት ይለውጠዋል። ቻይና በ2013 ዓ.ም. ማይኒንግን ከአገሯ ስትከለክል ማደሪያ ያጡት ማሽኖች ርካሽ ኃይል ፍለጋ በዓለም ሲዞሩ፣ ከመጡባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ሆነች፤ በ2016 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል ያሰሩት ከ20 በላይ ኩባንያዎች፣ አብዛኞቹ ከቻይና የመጡ ነበሩ፤ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓትም 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም በውጭ ምንዛሪ እንዲከፍሉ ተስማሙ። እነዚህ ድርጅቶች ኃይሉን ከማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚወስዱ ሲሆኑ፣ የጉንደ ወይን ነዋሪ ግን መብራቱን የሚያገኘው ከሌላው መሥሪያ ቤት፣ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ በተዘረጋ ሽቦ ነው። በእኔ አስተያየት፣ ውሉ ዶላር የሚያመጣ ስለ ሆነ፣ የሚነቅፈው ሰው ጥቂት ሊያስብበት ይገባል፤ በአንጻሩም፣ ብዙ የገጠር ቤት ገና በኩራዝ በሚያመሽበት አገር ይህ ኃይል ለዘለቄታው ለቁጥር ግምት ይዋል የሚል ካለ፣ እርሱም እንዲሁ ሊያስብበት ይገባል።

የቤት ሞካሪው እንግዲህ ቢትኮይንን ትቶ ወደ ሌላ መዞር አለበት። ኢቴሪየም የሚባለው ሁለተኛው ታላቅ ገንዘብ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ማይኒንግን ጭራሽ ስለ ተወ፣ ለተራ ፕሮሰሰር ታስቦ የተሠራና በሰፊው የታወቀ ሆኖ የቀረው ሞኔሮ ነው፤ ይህም ኅዳር 2012 ዓ.ም. ራንደም ኤክስ የሚባለውን ቀመር የያዘው፣ ኤሲክ የሚሠሩ ኩባንያዎች እንዳይወርሱት ሆን ተብሎ ነው። ቀመሩ በሚገባ ሲሠራ ከ2 ጊጋባይት በላይ ሜሞሪ ስለሚጠይቅ፣ ሞካሪው በመጀመሪያ የኮምፒዩተሩን ክዳን ከፍቶ ሜሞሪውን ማየት፣ የፋኑን አቧራ በብሩሽ ማራገፍ፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ደርቆ የተሰነጣጠቀውን ፔስት ጠርጎ አዲስ መቀባት ይኖርበታል፤ ማሽኑ ሌሊትና ቀን ያለ ዕረፍት ሊሠራ ነውና፣ ይህን የዘለለ ሰው በሦስተኛው ቀን ፕሮሰሰሩ በሙቀት ራሱን ሲያጠፋ ያገኘዋል። ቀጥሎ ዋሌት፣ ይኸውም የገንዘቡ ቦርሳ፣ ይከፈታል፤ ዋሌቱም እንደ ቁልፍ የሚያገለግሉ 25 ቃላት ይሰጣል፤ እነዚህ ቃላት በወረቀት ተጽፈው ይቀመጣሉ እንጂ በስልክ ፎቶ አይነሡም፣ ለማንም አይነገሩም፣ የጠፉበትን ሰው የሚረዳ ቅርንጫፍ ባንክም የለም።

ሥራውን የሚሠራው ኤክስ ኤም ሪግ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ሲሆን፣ ገና ሲወርድ አንቲቫይረሱ እንደ ሌባ ይጮኽበታል፤ ምክንያቱም ክፉ ሰዎች ይህንኑ ፕሮግራም በሰው ኮምፒዩተር ደብቀው በሰው መብራት ስለሚሠሩበት ነው፤ ስለዚህም ከአዘጋጆቹ ገጽ ብቻ ማውረድ፣ የፋይሉንም መለያ አኃዝ በዚያው በኤስ ኤች ኤ 256 ማመሳከር ይገባል። የትምህርት ቤትን ወይም የመሥሪያ ቤትን ኮምፒዩተር ለዚህ ማዋል ግን፣ ምንም ያህል ለትምህርት ነው ቢባል፣ የመንግሥትን መብራት መስረቅ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚታየው ጥቁር መስኮት ነው፤ በየጥቂቱ ሰከንድ አንድ መስመር እየወረደ፣ ማሽኑ በሰከንድ ስንት ግምት እንደሞከረ፣ ወደ ማኅበሩ የላከው ድርሻም ተቀባይነት ማግኘቱን በአረንጓዴ ቀለም ይናገራል። ማኅበር ያልሁት ፑል የሚባለውን ነው፤ ብቻቸውን ቢሠሩ ምንም የማያገኙ ሺህ ማሽኖች ተባብረው ይፈልጋሉ፣ የተገኘውንም እንደየድካማቸው ይካፈላሉ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የሞኔሮ ብሎክ በየ2 ደቂቃው ስለሚጻፍ፣ ለእያንዳንዱም 0.6 ሞኔሮ ስለሚከፈል፣ በቀን የሚፈጠረው 432 ነው፤ ሞኔሮ የሚፈልጉ የዓለም ማሽኖች በጠቅላላ በሰከንድ 5 ቢሊዮን ግምት ቢሞክሩ፣ የእኛ ኮምፒዩተር ደግሞ ደህና ሠርቶ 500 ቢሞክር፣ ድርሻው ከ10 ሚሊዮን አንድ ነውና በቀን 0.0000432 ሞኔሮ ያገኛል፤ አንዱ ሞኔሮ 300 ዶላር ቢያወጣ፣ ይህ 1.3 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ነው። በሌላ ወገን 100 ዋት የሚበላ ማሽን በቀን 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ትላልቆቹ ድርጅቶች በሚከፍሉት በዚያው በ3.14 ሳንቲም እንኳ ቢታሰብ፣ የመብራቱ ዋጋ ከገቢው ወደ ስድስት እጥፍ ይጠጋል። በወር 72 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለትም፣ ለዝቅተኛው የቤት ተጠቃሚ የተመደበውን የ50 ኪሎ ዋት ሰዓት እርከን ያ አንድ ማሽን ብቻውን አልፎ፣ ቤተሰቡን ወደ ላይኛው ታሪፍ ይገፋዋል ማለት ነው። ፑሉ 0.1 ሞኔሮ ካልሞላ አልከፍልም የሚል እንደ ሆነ፣ የመጀመሪያዋ ክፍያ እስክትደርስ ከስድስት ዓመት በላይ ይጠበቃል። ይህ ሁሉ መብራትና ኢንተርኔት ሳይቋረጥ ነው፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ መዘጋቱን ያየ አንባቢ ደግሞ፣ ከዓለም የተቆረጠ ማሽን ከማሞቂያ የማይሻል መሆኑን አያጣውም።

ሕጉን በአጭሩ ለመናገር፣ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን፣ ክሪፕቶ በሚባለው፣ እንደ ቢትኮይን ባለ ገንዘብ መገበያየትም ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ደግሞ በዚያው ዓመት ነሐሴ በማይኒንግና በማስተላለፍ ሥራ የተሠማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ አስታውቋል። ሞካሪው ይህን ሳያውቅ መጀመር የለበትም።

ከዚህ ሁሉ ጋር ፈጽሞ ሊቀላቀል የማይገባው፣ በ2016 ዓ.ም. ከከተማ እስከ ገጠር ወጣቱን ሁሉ ስልኩን ሲያስነካካ ያከረመው ሃምስተር ኮምባት የሚባለው የስልክ ጨዋታና መሰሎቹ ናቸው፤ በስልክ መስታወት ላይ ጣት መደብደብ የማንንም መዝገብ አይጠብቅም፣ ምንም ቀመር አይፈታም፣ ስለዚህ ማይኒንግ ሊባል አይገባውም። አስቀድመህ ክፈል፣ ማሽኑን በውጭ አገር እናሠራልሃለን የሚለው ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ አሮጌው ኮምፒዩተር ቢያንስ ሲሠራ በዓይን ይታያል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ሰምተህ ልሞክረው ብትል፣ በበኩሌ አልከለክልህም፤ መዝገቡ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ፕሮሰሰርና ሜሞሪ እንዴት እንደሚሠሩ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ርካሽ ትምህርት ቤት በአካባቢው አላውቅም። ብቻ ከመጀመርህ በፊት ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር በወረቀት ጻፍ፣ ማሽኑን አንድ ሳምንት አሠራው፣ በስምንተኛው ቀን የፈጀኸውን ኪሎ ዋት ሰዓትና ዋሌቱ ወይም ፑሉ የሚያሳይህን አኃዝ ጎን ለጎን አስቀምጠህ ፕሮግራሙን አጥፋው። ኮምፒዩተሩን ግን አታጥፋው፤ አቧራው የተራገፈና ፔስቱ የታደሰ ያ ማሽን፣ ለሰፈሩ ተማሪዎች መተየቢያና መለማመጃ ሆኖ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል።