ላንጋኖ ደርሶ መልስ

የአዲስ አበባ ልጅ ቅዳሜና እሑድን ከከተማ ወጣ ብሎ ላሳልፍ ሲል መንገዱ ብዙውን ጊዜ ወደ ደቡብ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ቁርስ፣ ሞጆ ላይ ማኪያቶ፣ ባቱ (ብዙዎቻችን አሁንም ዝዋይ ነው የምንለው) ላይ ዓሣ ጥብስ፣ ከዚያ ላንጋኖ። በጠቅላላው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር የሌለው አገር ልጆች ነንና አሸዋ ላይ ተጋድመን ማዕበል መስማት ሲያምረን የምንሮጠው ወደዚህ ቡናማ ውሃ ነው። ቀለሙ ባይጋብዝም ከቢልሃርዚያ ነጻ ነው ስለሚባል ዋናተኛው ብዙ ነው።

ሥራዬ ከወጣቶች ጋር ነው። በእኛ ሙያ ሥልጠናዎች ላይ “መዝናኛ ስፍራ” የሚለው ቃል “አጋላጭ ሁኔታ” ከሚለው ተለይቶ አይጠራም። ይህ አነጋገር ብዙም አይጥመኝም። ሐይቅ ማንንም በቫይረስ አያሲዝም፤ ካፌም እንዲሁ። እኔም ከጓደኞቼ ጋር ላንጋኖ እሄዳለሁ፣ ወደፊትም እሄዳለሁ። ልብ ሊባል የሚገባው ጉዞው እንዴት እንደተዘጋጀ ነው። ቅዳሜ ማታ የሚሆነው ነገር አብዛኛው የሚወሰነው ደግሞ ሐሙስ ማታ፣ ገንዘብ ሲዋጣ ነው።

ማን ከፈለ?

ስድስት ጓደኛሞች፣ ሦስት ወንድና ሦስት ሴት፣ ሊሄዱ ተስማሙ እንበል። ወንዶቹ “ሴቶቹ አያዋጡም፣ እኛ እንችለዋለን” አሉ። ቸርነት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም በቅንነት የሚደረግ ነው። ቀጥሎ ክፍል ሲያዝ ሦስት ክፍል ተያዘ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ሂሳቡን ሥሩት። ማን ከማን ጋር እንደሚያድር ማንም አፉን ከፍቶ ሳይናገር ተወስኗል። በምንመራቸው የውይይት ቡድኖች ውስጥ ሴቶቹ ደጋግመው የሚያነሱት ይህንኑ ነው። ቀን ላይ “ግብዣ ነው” የተባለው ሂሳብ ማታ ላይ ይመጣል ይላሉ። ቦታው ከዋናው አስፋልት ገባ ያለ ስለሆነ በሌሊት “በቃ ልሂድ” ቢባል ታክሲ የለም።

በ2010 ዓ.ም. በአገራችን ከተሞች በተካሄደው የኤች አይ ቪ ጥናት ከ15 እስከ 64 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ነዋሪዎች 3 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። ሲከፈል ግን ሴቶች 4.1 በመቶ፣ ወንዶች 1.9 በመቶ ናቸው። የሴት ተፈጥሮ በአንድ ግንኙነት ለቫይረሱ የበለጠ የተጋለጠ መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት፣ ሶሽዮሎጂ የተማርነው ሰዎች የምንጨቃጨቅበት፣ “ኮንዶም ካልተጠቀምን አይሆንም” ለማለት የሚያስችል አቅም በማን እጅ ነው የሚለው ነው። የመኝታ ክፍሉን የከፈለና ያልከፈለ ሰው እኩል አይደራደሩም።

ስለዚህ ሴቶቹም ያዋጡ፤ ካልተቻለ ርካሽ ነገር ይፈለግ። ድንኳን ይዞ መሄድም አለ። የመኝታው ነገር መኪና ውስጥ ሳትገቡ በግልጽ ይነሳ፤ “የሴቶች ክፍል፣ የወንዶች ክፍል” ብሎ መጀመር ነውር የለበትም። እያንዳንዱ ሰው የመመለሻ ገንዘቡን በራሱ ኪስ ይያዝ። የመንገዱን የሰላም ሁኔታም ጠይቁ፤ በቀን ሂዱ፣ በቀን ተመለሱ።

መጠጥን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ሰምታችሁታል። አንድ ነገር ብቻ፦ ድራፍቱ ቢሾፍቱ ላይ በምሳ ሰዓት ከተጀመረ ማታ ቦርሳ ውስጥ ያለው ኮንዶም ቦርሳ ውስጥ ይቀራል። ሰክራ ራሷን የማታውቅ ልጅ ደግሞ እሺ ብላለች አይባልም። ወንዶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ሾፌራችሁም አይጠጣ።

ስምጥ ሸለቆ ይሞቃል

የምትታቀቡ ካላችሁ የጓደኛ ግፊት ሳይበግራችሁ በአቋማችሁ ጽኑ። ኮንዶም የምትይዙ ግን አያያዙን እወቁ። ዳሽቦርድ ውስጥ የተቀመጠ ኮንዶም ባቱ ላይ ዓሣ እስክትበሉ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ እየተቀቀለ ነው። የተሠራበት ላቴክስ ሙቀት ሲበዛበት ይደክምና በቀላሉ ይቀደዳል። የኋላ ኪስ ውስጥ ባለ ቦርሳ የተጨማደደውም እንዲሁ ነው። ጥላ ያለበት ቦርሳ ውስጥ፣ ልብስ መሐል አድርጉት። ስትከፍቱ ቀኑን እዩ፤ ማሸጊያውን ጫን ብታደርጉት የታፈነ አየር ሊኖረው ይገባል።

ቅባትም ሌላው ችግር ነው። ሐይቅ ዳር ሁሉም ሰው ቫዝሊን ወይም የፀሐይ መከላከያ ክሬም ተቀብቷል። ዘይትነት ያለው ነገር ላቴክስን በደቂቃዎች ውስጥ ያዳክመዋል። እጃችሁን ታጠቡ። “ለጥንቃቄ” ተብሎ ሁለት ደርቦ ማድረግም እርስ በርሱ እያፋተገ ይቀደዳል እንጂ አይጠቅምም።

ትንኝን ብዙዎች ይጠይቁናል። የሐይቆቹ አካባቢ ወባማ ስለሆነ ከትንኝ መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ኤች አይ ቪን ግን ትንኝ አታስተላልፍም። ስትነድፍ የምትተፋው ምራቋን እንጂ ከሌላ ሰው የጠጣችውን ደም አይደለም፤ ቫይረሱም ሆዷ ውስጥ ይፈጫል። አብሮ መዋኘት፣ ፎጣ መዋዋስ፣ ከአንድ ትሪ መጉረስም አያስተላልፍም።

ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ሐሙስ ዕለት ልታማክረኝ መጣች። ከእንደዚህ ዓይነት ጉዞ የተመለሰችው እሑድ ነው። ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርጋለች። ወዲያው እሑድ ዕለት ፋርማሲ ገብታ ፖስትፒል ገዝታ ውጣለች፤ “ተገላገልኩ” ብላ ነበር። ሐሙስ የመጣችው ልጁን የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ስለነገራት ነው።

ይህን የምጽፈው ብዙዎቻችን የምንፈራው እርግዝናን ብቻ ስለሆነ ነው። ፖስትፒል የሚከላከለው እርግዝናን እንጂ ኤች አይ ቪን አይደለም። ለኤች አይ ቪ የተለየ መድኃኒት አለ፤ ፔፕ ይባላል። ከተጋለጡ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን በየዕለቱ ይወሰዳል። ቫይረሱ ከገባበት ቦታ ተነስቶ በሰውነት ውስጥ እስኪደላደል የተወሰኑ ቀናት ይፈጅበታል፤ መድኃኒቱ የሚቀድመው በዚያ ክፍተት ነው። ከዚያ ካለፈ አይሠራም፤ በ72 ሰዓቱ ውስጥም ቢሆን የመጀመሪያው ቀን ከሦስተኛው ይሻላል። ቅዳሜ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የተፈጠረ ነገር ማክሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ጊዜው ያልቃል። ሰኞ ሥራ አለ፣ ትምህርት አለ፣ እፍረት አለ፤ ሰዓቱ ግን ይቆጥራል። የኤች አይ ቪ ሕክምና ወደሚሰጥ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ፤ መድኃኒቱ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ባለሙያው መርምሮ ይወስናል። የተደፈረች ወይም የተደፈረ ሰው ደግሞ ገላ ሳይታጠብ፣ ልብስ ሳይቀይር በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ሰኞ ጠዋት መመርመርስ? ጤና ጣቢያ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ የሚያየው በአብዛኛው ሰውነታችን ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመርተውን አንቲቦዲ ነው። እሱ ደግሞ በምርመራ የሚታይበት መጠን ላይ ለመድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ 3 ወር ይወስዳል። በዚያ መሐል “ነጻ” የሚል ውጤት ስለዚያ ቅዳሜ ምንም አይነግርም። አዲስ የተያዘ ሰው በብዛት የሚያስተላልፈው ደግሞ በእነዚያው የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። በአፍ ፈሳሽ ራስን መመርመሪያውም ያው ነው፤ በእሱ ቫይረሱ ያለ መስሎ ከታየም በጤና ተቋም መረጋገጥ አለበት።

ልጅቷ ሦስት ወር መጠበቅ ነበረባት። ጠበቀች። ውጤቱ የእሷ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም።

ከመካከላችሁ ቫይረሱ በደሙ ያለ ጓደኛ ሊኖር ይችላል፤ ምናልባት ነግሯችኋል፣ ምናልባትም አልነገራችሁም። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የደረሰና በዚያው የዘለቀ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ይህ ዛሬ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው። ለእሱ ጉዞው የራሱ ጣጣ አለው። ኪኒኑ ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት ላይ መቀመጥ ስለሌለበት መኪና ውስጥ ጥሎት አይወርድም፤ ለሁለት ሌሊት ሄዶ መኪና ቢበላሽስ ብሎ ለአራት ቀን የሚሆን ይይዛል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እሳት ዳር ተቀምጣችሁ ስልኩ ሲጮህ “ምንድን ነው እሱ?” የሚል አይጠፋም። ውሃውን አቀብሉትና ጨዋታችሁን ቀጥሉ።