ባትሪው ነው ወይስ ዲናሞው? በመልቲሜትርና በጥቂት ኮድ መለየት

ብርዱ ሲጠና እዚህ ኔዘርላንድ ካሉ ወዳጆቼ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ «መኪናዬ ጠዋት አልነሳ አለች፤ ባትሪ ልቀይር?» የሚል ነው። መልሴ «መጀመሪያ እንለካ» ነው። የደከመ ባትሪና የማይሞላ ዲናሞ ምልክታቸው ይመሳሰላል፤ ጥፋቱ የዲናሞው ከሆነ አዲሱም ባትሪ ብዙ ሳይቆይ ይወርዳል።

አምስተርዳም፣ ሮተርዳም ወይም ዘ ሄግ የሚኖር ሰው ብዙ ጉዳዩን በብስክሌትና በትራም ስለሚጨርስ መኪናው ለቀናት ቆሞ ይከርማል። ሲነዳም መንገዱ አጭር ነው። መብራቱና የኋላ መስታወት ማሞቂያው በርተው፣ ሞተሪኖው የወሰደውን ኃይል ዲናሞው መልሶ ሳይሞላ ሞተሩ ይጠፋል። ብርዱ በበኩሉ የባትሪውን ኬሚካላዊ ሥራ ያዘገያል፤ የሞተር ዘይቱንም ያወፍራል። (በነገራችን ላይ የደች መካኒክም «ዲናሞ» ነው የሚለው። ባትሪውን ግን «አኩ» ይለዋል።)

መኪናው ቆሞ ባደረበት ጠዋት ኮፋኖውን ከፍታችሁ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ለኩ። 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፤ 12.0 ከሆነ ሊያልቅ ተቃርቧል። ይህ ግን የባትሪውን ጤና አይነግረንም። ያረጀ ባትሪ 12.6 እያሳየ ጭነት ሲመጣበት ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ሌላ ሰው ሞተሩን ሲያስነሳ ቁጥሩን ተመልከቱ፤ የተሞላ ባትሪ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ተጠርጣሪው እሱ ነው።

ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት መታየት አለበት። ከ13 በታች ከቀረ ቺንጋውን፣ ሽቦዎቹንና ዲናሞውን እንፈትሻለን። ከ15 ካለፈ ቮልቴጅ ተቆጣጣሪው ተበላሽቶ ባትሪውን እየቀቀለው ሊሆን ይችላል። አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን አትቸኩሉ፤ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል የዲናሞውን ቮልቴጅ ሆን ብሎ ይቀንሳል። የፊት መብራትና ማሞቂያ አብርታችሁ ቁጥሩ ከፍ ይል እንደሆነ እዩ።

ኮድ ለምትጽፉ ደግሞ ከመሪው በታች ያለው የኦቢዲ ሶኬት አለ። ኢኤልኤም 327 አስማሚ ሰክታችሁ 01 42 ብላችሁ ስትልኩ፣ መኪናው ይህን ጥያቄ የሚደግፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ 41 42 37 14 ብሎ ይመልሳል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች በአሥራ ስድስት ቤት የተጻፉ ናቸው፤ 37 ማለት 55፣ 14 ማለት 20 ነው። 55 በ256 ተባዝቶ 20 ሲደመርበት 14100 ይሆናል፤ ለ1000 ሲካፈል 14.1 ቮልት። በየሴኮንዱ እየመዘገባችሁ ግራፍ ብታወጡት የዲናሞው ባሕርይ ፍንትው ብሎ ይታያል።

ዘ ሄግ ያለ አንድ ወዳጄ ባትሪ ቀይሮም መኪናው ሰኞ ሰኞ አልነሳ ይለው ነበር። ዲናሞው 14.3 ይሰጣል፤ ባትሪውም ደህና ነው። የቀረው ቆሞ ሳለ የሚፈስ ኃይል ነው። መልቲሜትሩን ወደ 10 አምፒር አዙረን ከባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ጋር በተከታታይ አገናኘነው (በዚህ ሁኔታ ሞተር ማስነሳት ክልክል ነው፤ የመልቲሜትሩ ፊውዝ ይቃጠላል)። የመኪናው ኮምፒውተሮች እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ጤነኛ መኪና ከ50 ሚሊአምፒር በታች ይወርዳል፤ ይህ 400 ላይ ቀረ። ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት በ60 ሰዓት 24 አምፒር-ሰዓት ማለት ነው፤ ባትሪው ደግሞ የ60 ነው፤ በአጭር ጉዞ ምክንያት ያውም ሙሉ ሆኖ አያድርም። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ስንነቅል ቁጥሩ የወረደው የኦቢዲው ሶኬት ፊውዝ ሲነቀል ነው። ቮልቴጁን ለመከታተል ሰክቶ የተወው አስማሚ፣ ያለማቋረጥ እየጠየቀ ኮምፒውተሮቹን እንቅልፍ ነስቷቸው ኖሯል።