የባተን ሩዥ ነብሮች ያልተሸነፉበት ዓመት

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ቅዳሜ የኮሌጅ ፉትቦል ቀን ነው። በሉዊዚያና ዋና ከተማ በባተን ሩዥ ደግሞ ነገሩ ከጨዋታም ያልፋል። ከተማዋ ያላት ነዋሪ 220 ሺህ ገደማ ነው፤ ሰዉ ኤል ኤስ ዩ ብሎ የሚጠራው የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ግን 102,321 ተመልካች ይይዛል። ደጋፊው ከማለዳው ጀምሮ በዙሪያው ድንኳን ተክሎ ሥጋ ሲጠብስ፣ ወጥ ሲሠራ፣ ሲጠጣና ሲጨፍር ይውላል። ቡድኑ ነብሮቹ ስለሚባል፣ ማይክ የሚባል እውነተኛ ነብር በግቢው ውስጥ የራሱ መኖሪያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1988 ከኦበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ግጥሚያ አሸናፊዋ ነጥብ ስትቆጠር የተነሣው ጩኸት በዩኒቨርሲቲው የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ላይ ሳይቀር ተመዝግቧል።

ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚያስጨንቀው ማን ነው ከተባለ፣ መልሱ ተማሪ ነው።

ጨዋታው የእኛው እግር ኳስ አይደለም። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋች ይሰለፋል። ኳሱን የያዘው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ በእነዚያ ውስጥ ቢያንስ አሥር ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ያህል ወደ ፊት ከገፋ ሌላ አራት ያገኛል፣ ካልገፋ ኳሱ ለተጋጣሚው ይሄዳል። ኳሱን እስከ ተጋጣሚው ሜዳ መጨረሻ ያደረሰ ታችዳውን አስቆጠረ ይባላል፤ ስድስት ነጥብ ነው። የማጥቃቱ ሁሉ መሪ ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ነው። ኳሱ ከመሬት ተነሥቶ መጀመሪያ እሱ እጅ ይገባል፤ ይወርውረው፣ ለሯጭ ያቀብለው ወይስ ራሱ ይዞት ይሩጥ፣ ግዙፍ ተከላካዮች እየተንደረደሩበት በሁለትና በሦስት ሰከንድ ውስጥ ይወስናል።

ኤል ኤስ ዩ በ2019 የውድድር ዘመን ያደረጋቸውን 15 ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፎ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ያሸነፋቸውን ስናይ ዘመኑ ይበልጥ ይገርማል፤ ሰባቱ በተጋጠሙበት ዕለት በምርጥ አሥር ደረጃ ውስጥ የነበሩ ናቸው። ከዚያ በላይ የሚገርመው ግን ይህን የሠሩት ሰዎች ማንነት ነው። ዋናዎቹ ሌላ ቦታ ተሞክረው አትበቁም የተባሉ ነበሩ።

አሠልጣኙን ኤድ ኦርዠሮንን እንውሰድ። ከባተን ሩዥ በስተደቡብ ባለው ረግረጋማ አገር፣ ሽሪምፕና ዓሣ በሚጠመድበት መንደር ያደገ፣ ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ከበሮ የሚያጓራ ሰው ነው። በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ በዋና አሠልጣኝነት ሦስት ዓመት ሠርቶ 10 አሸንፎ 25 ተሸንፎ ተባረረ። በ2013 በካሊፎርኒያው ዩ ኤስ ሲ ዩኒቨርሲቲ በጊዜያዊነት ተሹሞ ከስምንት ጨዋታ ስድስቱን ቢያሸንፍም ቋሚ ወንበሩ ለሌላ ተሰጠበት። በ2016 ኤል ኤስ ዩ አሠልጣኙን በዘመኑ አጋማሽ ሲያሰናብት ኦርዠሮን አሁንም ጊዜያዊ ሆኖ ገባ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ቦታው ጸናለት። በማግስቱ ዓመት ትሮይ በሚባል ትንሽ ዩኒቨርሲቲ በገዛ ሜዳው 24 ለ 21 ሲሸነፍ ግን ይህ ሰው አይዘልቅም ያለው ብዙ ነበር።

ኳርተርባኩ ጆ በሮው ያደገው በኦሃዮ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ፣ በድህነት በሚታወቅ አካባቢ ነው። አባቱና ሁለት ወንድሞቹ ለነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ተጫውተዋል፤ ነብራስካ ግን እሱን አልፈለገውም። ኦሃዮ ስቴት ገብቶ ሦስት ዓመት ቆየ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው በተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው። በመጨረሻ እጁ ተሰበረና ቦታው ለሌላ ወጣት ሄደ። ዲግሪውን ቶሎ ጨርሶ ስለነበር በ2018 ወደ ባተን ሩዥ ተዛወረ። የመጀመሪያ ዓመቱ ደህና ነበር፤ ብዙ ለማለት የሚያስደፍር ግን አልነበረም። በዘመኑ ሁሉ የወረወረው ታችዳውን 16 ነው።

ታዲያ በአንድ ክረምት ምን ተለወጠ? ኦርዠሮን ከፕሮፌሽናሉ የኒው ኦርሊንስ ቡድን ጆ ብሬዲ የሚባል የ29 ዓመት ረዳት አሠልጣኝ አመጣ። ኤል ኤስ ዩ ለዓመታት የሚታወቀው ኳሱን ለሯጭ ሰጥቶ በጉልበት በመጋፋት ነበር፤ ተጋጣሚም ያንን አውቆ መሐሉን ያጥር ነበር። ብሬዲ ከነባሩ የማጥቃት አሠልጣኝ ከስቲቭ ኤንስሚንገር ጋር ሆኖ ተጫዋቾቹን በሜዳው ስፋት በተናቸው። አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ኳስ ለመቀበል ሲሮጥ ተከላካዩ ሁሉንም ሊሸፍን አይችልም፤ የኳርተርባኩ ሥራ ያልተሸፈነውን ፈጥኖ ማየት ነው። ለበሮው ደግሞ ይህ የተፈጥሮ ስጦታው ነበር። ክንዱ ከሁሉም ብርቱ አልነበረም፤ ዓይኑ ግን አይስትም። ተቀባዮቹም ቀላል አልነበሩም፤ ዛሬ በፕሮፌሽናሉ ሊግ ስማቸው የገነነው ጃማር ቼዝና ጀስቲን ጄፈርሰን ነበሩ።

ለውጡ መጀመሪያ የታየው በመስከረም መጀመሪያ በቴክሳስ ነው። ኤል ኤስ ዩ 37 ለ 31 እየመራ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ሦስተኛ ሙከራ ላይ 17 ያርድ ቀረው። የድሮው ኤል ኤስ ዩ ቢሆን ኳሱን ለሯጭ ሰጥቶ ሰዓት ይገድል ነበር። በሮው ግን ተከላካዮቹ ሲወርዱበት ወደ ጎን ተንሸራትቶ ለጄፈርሰን ወረወረ፤ 61 ያርድ፣ ታችዳውን። ጨዋታው 45 ለ 38 አለቀ።

ሉዊዚያና ሁሉ የሚጠብቀው ግን ኅዳርን ነበር። አላባማ ከ2011 ወዲህ በተከታታይ ስምንት ጊዜ አሸንፏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን በአላባማ ሜዳ፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕም ባሉበት፣ ሁለቱም ሳይሸነፉ ተገናኙ። ኤል ኤስ ዩ በዕረፍት 33 ለ 13 ይመራ ነበር፤ አላባማ እየተጠጋ እየተጠጋ መጥቶ የደጋፊውን ልብ አንጠለጠለ። ቀኑን ያዳነው አጭሩ ሯጭ ክላይድ ኤድዋርድስ ሄሌር ነው፤ አራት ታችዳውን አስቆጠረ። 46 ለ 41። ከዚያ በኋላ ቡድኑን የሚያቆመው አልተገኘም፤ ጆርጂያን 37 ለ 10 ረትቶ የደቡብ ምሥራቁን ሊግ ዋንጫ ወሰደ።

በታኅሣሥ በሮው የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚያገኘውን የሄይስማን ሽልማት በ841 የአንደኝነት ድምፅ ወሰደ። መድረኩ ላይ እያለቀሰ ስለ ትውልድ አካባቢው ተናገረ፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቤታቸው በቂ ምግብ ስለማያገኙ ልጆች። በጥቂት ቀናት ውስጥ ለአካባቢው የምግብ ዕርዳታ ድርጅት ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ተዋጣ። የዋንጫው ንግግር ከዋንጫው ይልቅ የሚታወስበት ዓመት ብዙ አይደለም።

የአገር አቀፉ ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ ቀን በሐዘን ተጀመረ። የኤንስሚንገር ልጅ ባለቤት፣ የስፖርት ዘጋቢ የነበረችው ወጣት፣ ጨዋታውን ለማየት ስትጓዝ የተሳፈረችበት ትንሽ አውሮፕላን ሉዊዚያና ውስጥ ተከስክሶ ሞተች። መርዶውን ኦርዠሮን ነገረው። ኤንስሚንገር ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ከላይ ካለው ክፍል ሆኖ ጨዋታውን መራ። በሮው በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ሰባት ታችዳውን ወረወረ፤ ኦክላሆማ 63 ለ 28 ተሸነፈ።

ፍጻሜው እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2020 በኒው ኦርሊንስ፣ ከባተን ሩዥ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በማይሞላ ርቀት ተደረገ። በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። ተጋጣሚው ክሌምሰን 29 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈ ቡድን ነበር፤ 17 ለ 7ም መራ። ከዚያ ቼዝ ተነሣ። 221 ያርድ ገፍቶ ሁለት ታችዳውን ሲያስቆጥር ጠባቂዎቹ መድረስ አቃታቸው። በሮው አምስት ወርውሮ አንድ ራሱ ሮጦ አገባ፤ ውጤቱ 42 ለ 25 ሆነ። በዘመኑ የወረወራቸው ታችዳውኖች 60 ደረሱ፤ እስከዚያ ድረስ በከፍተኛው የኮሌጅ ደረጃ ያን ያህል የደረሰ አልነበረም።

ከድሉ በኋላ የቀድሞው የኤል ኤስ ዩ ተጫዋች ኦዴል ቤክሃም ሜዳው ውስጥ ለተጫዋቾቹ የዶላር ኖት ሲያድል በቪዲዮ ታየ። ነገሩ ትልቅ ጣጣ ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲው በኋላ ቤክሃምን ለሁለት ዓመት ከስፖርት ማዕከሎቹ አገደው። ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ደንብ ተማሪ ተጫዋች ከነጻ ትምህርቱና ከኑሮ ድጎማው ውጭ ገንዘብ መቀበል አይችልም ነበር። በዚያው ዘመን ኦርዠሮን በዓመት 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይከፈለው ነበር፤ ከዋንጫው በኋላም ከ40 ሚሊዮን በላይ የሚያወጣ የስድስት ዓመት ውል ፈረመ። ጥቂት ኖት ኪሱ ውስጥ ያስገባ ልጅ ጥፋተኛ ሲባል ሂሳቡን ማስታረቅ ይከብዳል። ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ከማስታወቂያ ገንዘብ እንዲያገኙ የተፈቀደው ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ነው።

ያን ጊዜ ቡድኑ ከተበተነ ቆይቶ ነበር። በ2020ው የፕሮፌሽናሉ ሊግ ምርጫ ከኤል ኤስ ዩ 14 ተጫዋቾች ተመርጠዋል፤ በሮው የሁሉም የመጀመሪያ ሆኖ ከሲንሲናቲ ቡድን ጋር የ36 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ብሬዲ ወደ ፕሮፌሽናሉ የካሮላይና ቡድን ሄደ፣ የመከላከል አሠልጣኙ ዴቭ አራንዳ ደግሞ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ ሆነ። ኤል ኤስ ዩ በቀጣዩ ዘመን መክፈቻ በሜዳው በሚሲሲፒ ስቴት ተሸነፈ፤ ዘመኑንም አምስት አሸንፎ አምስት ተሸንፎ ጨረሰ። ኦርዠሮን በጥቅምት 2021 ሊለቅ ተስማማ፤ የስንብት ክፍያው 17 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በዚያው ዘመን በሮውና ቼዝ ሲንሲናቲ ላይ እንደገና ተገናኝተው ቡድኑን እስከ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ፍጻሜ፣ እስከ ሱፐር ቦውል አደረሱት፤ በሎስ አንጀለስ ቡድን 23 ለ 20 ተሸነፉ።