ከወለሉ ሥር ማን ይግባ?

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ ቤት ሲገዙ «ኢንስፔክሽን ቀርቶናል» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ገዢው ከፍሎ የሚያመጣው ባለሙያ ቤቱን ከጣሪያ እስከ መሠረት ያይለታል። ታዲያ እዚያ ብዙ ቤቶች ከወለላቸው ሥር ሰው በደረቱ እየተሳበ የሚገባበት ክፍተት አላቸው፤ «ክሮል ስፔስ» ይሉታል። የሚያፈስ ቧንቧ፣ የበሰበሰ እንጨትና ምስጥ የሚደበቁት እዚያ ነው። እባብ፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦና የሽንት ቤት ፍሳሽም እዚያው ሊጠብቁት ይችላሉ።

ታዲያ ኢንስፔክተሩ የግድ መግባት አለበት?

የአሜሪካ የቤት ኢንስፔክተሮች ማኅበር (አሺ) መስፈርት በቁጥር ይመልሳል። ከፍታው ከ24 ኢንች (61 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ካነሰ፣ ወይም መግቢያው ከ16 በ24 ኢንች ከጠበበ መግባት አይገደድም። 61 ሴንቲ ሜትር ማለት ከምግብ ጠረጴዛ ሥር ካለው ክፍተት እንኳ ያንሳል። ቦታው ሰፊ ቢሆንም አደገኛ መስሎ ከታየው መተው ይችላል። ግን ምን እንዳላየና ለምን እንዳላየ በሪፖርቱ መጻፍ አለበት።

እኔ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሁን አይታወቅም፣ ቁጥሩን የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። ቁጥር ባይኖር ደንበኛው የሚሄደው «እኔ እገባለሁ» ወደሚለው ነው። ተጠንቃቂው ሥራ ያጣል፣ ደፋሩ ደግሞ አንድ ቀን ጤናውን። መስፈርት ሲኖር ግን «አልገባም» ማለት ፍርሃት መሆኑ ይቀርና ሙያ ይሆናል።

«መንግሥትስ የለም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ፣ ኦሻ፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ለአደገኛ ዝግ ቦታዎች ደንብ አለው። አየሩ ቀድሞ ይለካል፤ ኦክስጅኑ ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ አደገኛ ነው። ውጭ ሆኖ የሚጠብቅ ሰውም ያስፈልጋል። ችግሩ፣ የኦሻ ሕግ የሚጠብቀው ተቀጣሪን ነው። ለራሱ የሚሠራን ሰው አይመለከትም። ብዙ የቤት ኢንስፔክተር ደግሞ ብቻውን ነው የሚሠራው፤ አለቃም ሠራተኛም ራሱ ነው።

ለእኔ ትልቁ ክፍተት ግን ይኼ ነው፦ የሚከፍለው ገዢው ነው፣ በሩ ያለው ሻጩ እጅ ነው፣ አደጋው የኢንስፔክተሩ ነው። ስለዚህ መስፈርቱ «አትግባ» በማለት ብቻ ማብቃት የለበትም። ሻጩ ከቀጠሮው በፊት መግቢያውን እንዲከፍት፣ ዕቃውን እንዲያነሳ፣ የተጠራቀመ ውኃ ካለ እንዲያስወጣ ያስገድድ። ካላደረገ የሁለተኛውን ጉዞ ሒሳብ እሱ ይክፈል። ሰው የሚያስወጣው ብር ሲኖር በሩን ቶሎ ይከፍታል።

እስከዚያው ቤት የሚገዛ ወዳጅ ካላችሁ አንድ ነገር ንገሩልኝ፦ ሪፖርቱ ላይ «አልታየም» የሚለውን መስመር ፈልጎ ያንብብ። አልታየም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም።